ወንድና ሴት ያለው ጥቁር

በአማርኛ ቧልት ውስጥ ዕድሜ የጠገበ አንድ ገጸ ባሕርይ አለ። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነ፣ ከገጠር ወደ ከተማ የገባ ሰው ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ ሴቲቱን «አንተ፣ ና!» ይላታል፤ ወንዱን ደግሞ «ነይ!» ብሎ ይጠራዋል፤ አዳራሹም በሳቅ ይሞላል። ቀልዱ በመድረክ ታየ፣ በሬዲዮ ተሰማ፣ በካሴት ተባዛ፤ የካሴቱ ዘመን ሲያልፍም እሱ አላለፈም። ልብሱና ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። «ይህ ሰው ወንድና ሴት አይለይም» ነው የሚለን።

«ቧልት በሰዋስው አይመዘንም» የሚል ይኖር ይሆናል። ሰው በሚስቅበት ቦታ ጠመኔ ይዞ መቆም በርግጥ አይወደድም። ይሁንና ይህኛው ቀልድ ራሱ የሰዋስው ነገር ነው። የሚያስቀው የሰውየው ሆድ መተለቁ ወይም ጫማው መቀደዱ አይደለም፤ የጾታ አመልካቹ ቦታውን መሳቱ ነው። ሰዋስው ይዞ የመጣ ቀልድ በሰዋስው ቢጠየቅ ግፍ አይሆንበትም። እንግዲህ እንጠይቀው። ለመሆኑ ወንድና ሴት የማይለየው ማን ነው?

ጉራቸና ጉራቲ

ከነቀምት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ጊምቢን ያለፈ መንገደኛ የቦጂን አገር ያገኛል፤ ቢላ ከዚያ አገር ከተሞች አንዷ ናት። በቢላም ሆነ በነቀምት፣ በጊምቢም ሆነ በነጆ፣ ከብት የሚያውቅ ሰው ጥቁሩን በሬ «ጉራቸ» ይለዋል፤ ጥቁሯን ላም ግን «ጉራቲ» ይላታል። ቀዩ በሬ «ዲማ» ነው፤ ቀይዋ ላም «ዲምቱ» ናት። ረጅሙ ልጅ «ጉርባ ዼራ» ነው፤ ረጅሟ ልጅ «ኢንተለ ዼርቱ» ናት። (ዸ የሚለው ፊደል አማርኛ የሌለውን የኦሮምኛ ድምፅ ይወክላል።) ድኻው «ሂዬሰ»፣ ድኻይቱ «ሂዬቲ» ይባላሉ። ሁሉም ቅጽል እንዲህ ይለዋወጣል ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ ነጭ ማለት የሆነው «አዲ» ለወንዱም ለሴቷም ያው ነው። የሚለዋወጡት ግን በዕለት ኑሮ ከአፍ የማይጠፉት ናቸው።

አማርኛስ? «ጥቁር በሬ» እንላለን፤ «ጥቁር ላም» እንላለን። ጥቁሩ ያው ጥቁር ነው። «ረጅም ወንድ፣ ረጅም ሴት»፤ ረጅሙም ያው ረጅም ነው። ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ቃል ሁለቱ ቋንቋዎች በጋራ ይዘዋል። የአማራው ገበሬ «ዳልቻ» የሚለውን የከብት መልክ የወለጋው ገበሬ «ዳለቸ» ይለዋል። ማን ከማን እንደወሰደው መከራከሩን ለሌላ ቀን እናቆየው። ዋናው ነገር በአማርኛ በሬውም ዳልቻ፣ ላሚቱም ዳልቻ መሆናቸው ነው። በኦሮምኛ ግን በሬው «ዳለቸ» ሲሆን ላሚቱ «ዳለቲ» ትሆናለች። አንድ ቃል፣ አንድ መልክ፣ አንድ ዓይነት ከብት፤ ጾታውን በቃሉ ላይ የሚያሳየው ግን ኦሮምኛው ነው።

አማርኛ ጾታ የለውም ማለታችን አይደለም። አማርኛ ጾታውን ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። «አንዲት ጥቁር ላም» ስንል በ«አንዲት» ላይ፣ «ጥቁሯ» ስንል በመጨረሻዋ ቅጥያ ላይ፣ «መጣች» ስንል በግሱ ላይ፣ «አንቺ» ስንል ደግሞ በምትጠራዋ ላይ ነው። ከግዕዝ የወረስናቸው እንደ «ቅዱስ» እና «ቅድስት»፣ እንደ «ክቡር» እና «ክብርት» ያሉት ብቻ በራሳቸው ገላ ይለወጣሉ። ኦሮምኛም ቢሆን በሦስተኛው ሰው ላይ እሱንና እሷን ይለያል። ሁለተኛውን ሰው ግን «አቲ» ብሎ አንድ ያደርገዋል፤ ወንድም ሴትም «አቲ» ናቸው። የቧልቱ ሰውዬ «አንተ» እና «አንቺ» የሚምታቱበት በዚህ ምክንያት ነው። በገዛ ቋንቋው በዚያ ቦታ ላይ የሚለየው ነገር ስለሌለ ነው እንጂ ሰውየው ሴት አይቶ ስለማያውቅ አይደለም።

ደግሞስ አማርኛ ራሱ ምን ያደርጋል? አባታችንን «እርስዎ» እንላለን፤ እናታችንንም «እርስዎ» እንላለን። ብዙ ወንዶችን «እናንተ» እንላለን፤ ብዙ ሴቶችንም «እናንተ» እንላለን። አክብሮት ወይም ብዛት ሲመጣ ጾታው ይጠፋል። በዚህ የሳቀ ሰው የለም፤ የሚስቅበት ምክንያትም የለም፤ የቋንቋው ሥርዓት ነውና። ታዲያ የአንዱ ሥርዓት ሥርዓት ሆኖ ሳለ የሌላው ሥርዓት ድንቁርና የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ወንድና ሴት አይለይም የተባለው ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ጥቁሩን እንኳ ወንድና ሴት አድርጎ የሚለይ ቋንቋ ነው።

ሸክሙ የማን ነው?

ነገሩ ከጾታ ያልፋል። ቅጽል ከስም ጋር ሲጣመር ከሁለቱ አንዱ ሸክም ይሸከማል። የ«ን»ን፣ የ«በ»ን፣ የ«ለ»ን፣ የእርባታውን ሁሉ ሸክም ማን ይያዝ? እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ መልስ አለው። ለማነጻጸር ያህል ሩቅ አገር ደርሰን እንምጣ።

ኢስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። ቋንቋዋን የሚናገረው ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ኢስቶንኛ ጾታ የሚባል ነገር ጨርሶ የለውም፤ «እሱ» እና «እሷ» እንኳ በአንድ ቃል ይጠራሉ። የቧልታችን ደራሲ ኢስቶኒያን ቢያገኝ ምን ይል ይሆን? ነገር ግን ይኸው ጾታ የለሽ ቋንቋ ስሙ በዐረፍተ ነገር ውስጥ የያዘውን ሙያ የሚያመለክቱ 14 መልኮች አሉት። ቅጽሉም ስሙን ተከትሎ ይለዋወጣል። «ትልቅ ቤት» በኢስቶንኛ «ሱር ማያ» ነው። «በትልቅ ቤት ውስጥ» ለማለት «ሱሬስ ማያስ»፣ «ከትልቅ ቤት ውስጥ» ለማለት «ሱሬስት ማያስት» ይላሉ። ቅጥያው በቅጽሉም በስሙም ላይ አለ፤ እንደ ሁለት ወዛደር አንዱን ሸክም ተጋግዘው ይይዙታል። ብዙ ሲሆንም «ሱሬድ ማያድ» ብለው ሁለቱንም ያበዛሉ።

በ10ሩ መልኮች ይህ ነው። በመጨረሻዎቹ አራት ግን ቅጽሉ ሸክሙን ጥሎ ይቆማል። «ከትልቅ ቤት ጋር» ለማለት «ሱሬ ማያጋ» ይባላል እንጂ ቅጽሉ «ጋ»ን አይጨምርም። «ያለ ትልቅ ቤት» ሲሉም «ሱሬ ማያታ» ነው። የዚህ «ጋ» ምክንያት ይታወቃል። በድሮ ጊዜ ለብቻው የቆመ «አብሮ» የሚል ቃል ነበር፤ ከጊዜ ብዛት ተሸራርፎ ከስሙ ጭራ ተለጠፈ፤ ቅጽሉ ግን ገና የራሱ ቃል እንደነበረበት ዘመን ይመለከተዋል። (የእነሱ «ጋ» እና የእኛ «ጋር» መመሳሰላቸው አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ዝምድና የለበትም።)

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስና «በረጅም ጦር» የሚለውን ሐረግ በሦስቱ ቋንቋዎች እንመልከተው። ኢስቶንኛ «ፒካ ኦዳጋ» ይላል። «ፒካ» ረጅም፣ «ኦዳ» ጦር ነው፤ ሸክሙን ጦሩ ያዘው። ኦሮምኛ «ኤቦ ዼራዻን» ይላል። «ኤቦ» ጦር፣ «ዼራ» ረጅም ነው፤ ሸክሙን ረጅሙ ያዘው። አማርኛ «በረጅም ጦር» ይላል፤ እዚህም «በ»ን የተሸከመው ረጅሙ ነው። «ትልቁን ቤት ሸጠ» ስንልም የእርግጠኝነቱ ምልክትና «ን» ሁለቱም «ትልቅ» ላይ ወድቀዋል፤ «ቤት» እጁን አጣጥፎ ቆሟል። በአማርኛ ቅጽል ከፊት ስለሚሄድ ፊተኛው ይሸከማል፤ በኦሮምኛ ቅጽል ከኋላ ስለሚከተል ኋለኛው ይሸከማል። አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፤ ውጤታቸው ግን አንድ ነው። በሁለቱም ቋንቋዎቻችን ሸክሙ የሚያርፈው በቅጽሉ ጫንቃ ላይ ነው።

ብዛትን ስናይ ዝምድናው ይበልጥ ይጠብቃል። አማርኛ «ትልቅ»ን «ትላልቅ»፣ «አጭር»ን «አጫጭር» ሲል የቃሉን ወገብ ይደግማል። ኦሮምኛ «ጉዳ»ን «ጉርጉዳ»፣ «ገባባ»ን «ገገባባ»፣ «ዲማ»ን «ዲዲማ» ሲል የቃሉን ራስ ይደግማል። አንዱ ከወገብ፣ ሌላው ከራስ፤ ሐሳቡ ግን ያው መደጋገም ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ቅጽሉን ካበዙ በኋላ ስሙን ነጠላ አድርገው ሊተዉት ይችላሉ። «ትላልቅ ቤት ሠሩ» ያለ ሰው ስንት ቤት እንደተሠራ አላደናገረም፤ «መነ ጉርጉዳ» ያለውም እንዲሁ። ለኢስቶኒያ ሰው ይህ እንግዳ ነው፤ ለደጀንና ለደምቢ ዶሎ ሰው ግን የቤት ልማድ ነው።

አንድ ድምፅ፣ ሁለት ሙያ

ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ የሚያጋጭ ወጥመድም አለ። አማርኛ በ«ን» ተሳቢውን ያመለክታል። ኦሮምኛ ደግሞ በዚያው በ«ን» ድምፅ ባለቤቱን ያመለክታል! «ጉርባን ዼራን ዹፌ» ማለት «ረጅሙ ልጅ መጣ» ማለት ነው፤ ልጁም ረጅምነቱም «ን»ን ይዘዋል፤ የመጣው እሱ ነውና። አማርኛ የለመደ ጆሮ ግን «ልጁን ረጅሙን…» የሚል ይመስለውና ቀጥሎ የሚመጣውን መቺ ይጠብቃል። በተቃራኒው «መነ ጉዳ ጉርጉሬ» ማለት «ትልቅ ቤት ሸጠ» ነው፤ ተሳቢው ምንም ምልክት የለውም። «ትልቁ ቤት ተቃጠለ» ሲሆን ግን «መንኒ ጉዳን ጉበቴ» ይሆናል፤ ስሙም ቅጽሉም ባለቤትነታቸውን ያሳያሉ።

እንግዲህ ከቢላ ወይም ከነቀምት መጥቶ አዲስ አበባ ትምህርት ወይም ሥራ የያዘ ወጣት በየዐረፍተ ነገሩ ይህን ያህል ሥራ ይሠራል። የኋላውን ቅጽል ወደ ፊት ያመጣል፤ ከባለቤቱ ላይ «ን»ን አውልቆ ተሳቢው ላይ ይሰፋል፤ «ጉራቲ»ን አፍርሶ ጾታዋን ወደ «አንዲት» ወይም ወደ «ጥቁሯ» ያሻግራል፤ በመጨረሻ «አቲ»ን ለሁለት ይሰነጥቃል። ከአራቱ ሦስቱን አሳክቶ በአራተኛው ቢሰናከል የምናየው አራተኛውን ብቻ ነው፤ የምንስቀውም በእሱ ነው። ነቀምት ሄዶ ኦሮምኛ የሚሞክር የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ኢንተለ ዼራ» ብሎ ረጅሟን ልጅ ወንድ ሲያደርጋት ይገኛል። በእሱ ግን ቧልት አልተሠራበትም። ልዩነቱ ከሰዋስው የመጣ አይደለም፤ መድረኩ በማን እጅ ነበር ከሚለው የመጣ ነው።

ሰዋስዉን ማን ጻፈው?

ጥፋቱን በቀልደኞች ላይ ብቻ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛ ስለ ቅጽል የተማርነው ምንድን ነው? «ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል ነው።» በቃ። ይህ አባባል ውሸት የለበትም፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። ቅጽል ምን እንደሚል ይነግረናል እንጂ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚሸከም አይነግረንም። በዚህ ትርጉም አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ኢስቶንኛም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚጀምረው ትርጉሙ በሚያልቅበት ቦታ ነው።

የዚህ ትምህርት ሥር ሩቅ ነው። የኢስቶንኛን የመጀመሪያ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1637 ያሳተመው ሄንሪክ ሽታል የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ነበር፤ ቋንቋውን በላቲን ሚዛን ሰፈረው። የአማርኛን ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ያሳተመው ሂዮብ ሉዶልፍም ጀርመናዊ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ ያወቀውን ብዙውን የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ካርል ቱቸክ የተባለው ሌላው ጀርመናዊ ያሰናዳው የኦሮምኛ ሰዋስውም እ.ኤ.አ. በ1845 ሙኒክ ታተመ። ሦስቱም ቋንቋዎች መጀመሪያ በመጽሐፍ የታዩት በሌላ ሰው መስተዋት ነው። ውለታቸው አይካድም፤ መስተዋቱ ግን የራሱ ቅርጽ ነበረው።

ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው»ን በ1935 ዓ.ም. ሲያወጡ አማርኛን በአማርኛ የማስተማር ትልቅ በር ከፈቱ። የቃል ክፍሎቹን ስምንት አድርገው ሲደለድሉ ግን የአውሮፓው ልማድ ጥላ አልተለያቸውም። ከዚያ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የታተመው የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ቃሉን በትርጉሙ ብቻ ሳይሆን በቅርጹና በቦታው መመርመርን አመጣ፤ ክፍሎቹንም ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። ብዙ አንባቢ ልብ ያላለው ነገር አለ። ይህን የአማርኛ ሰዋስው የጻፉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለ ኦሮምኛ ሐረግ አወቃቀር ነበር። ወደ አማርኛው ሰዋስው የገቡት ኦሮምኛን መርምረው ነው። ኦሮምኛን ያየ ዓይን አማርኛን አጥርቶ ማየቱ የሚያስገርም አይመስለኝም። የጎረቤትን ቤት ያላየ የራሱ ቤት በር በየት በኩል እንደሆነ ልብ አይለውም።

የወለጋ ኦሮምኛም ያልተጠና አይደለም። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ጂን ግራግ እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ የጥናቶች ስብስብ ውስጥ ለወለጋ ኦሮምኛ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፏል፤ በ1982 ደግሞ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ችግሩ ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ መቅረቱ ነው። አማርኛ የሚያነብ የከተማ ሰው ስለ ጎረቤቱ ቅጽል የሚያውቀው ቀልደኛው የነገረውን ብቻ ሆነ።

የተርጓሚው ዕዳ

ቅጽል ቀልድ እንዳልሆነ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ተርጓሚ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና አሳትመዋል። አጋዣቸው አስቴር ጋኖ ቃላት በመሰብሰብና በ1894 የታተመውን የንባብ መጽሐፍ አብራ በማዘጋጀት ስሟን አኑራለች። ሁለቱም የባርነትን መከራ የቀመሱ ነበሩ፤ ሥራውን የጀመሩትም ከአገራቸው ርቀው በምፅዋ አጠገብ በምኩሉ ነው። ኦነሲሞስ በ1904 ነቀምት ገብተው፣ በ1931 እዚያው አረፉ። ዘፍጥረትን ከፍቶ «ትልቁ ብርሃን» የሚለውን በኦሮምኛ ማስፈር ማለት ቅጽሉን ወደ ኋላ ማዞር፣ ጾታውን መወሰን፣ ባለቤት ከሆነ «ን»ን መስጠት ማለት ነው። ይህን በየመስመሩ የወሰነ ሰው ሰዋስው ሳይጽፍ ሰዋስው ሠርቷል።

ሥራው የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደሉ «አ»ን በግዕዝና በራብዕ አጭርና ረጅም አድርጎ ሊለይ ይችላል፤ ሌሎቹን አናባቢዎችና የሚጠብቀውን ድምፅ ግን አይለይም። «ቦሩ» ብሎ የተጻፈ ቃል አናባቢው ሲያጥር «ነገ»፣ ሲረዝም «የደፈረሰ» ነው። «ሶዳ» ሲላላ «ፍርሃት»፣ ሲጠብቅ «አማች» ይሆናል። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ትምህርት ቤት ሲገባ ይህ ችግር በጽሑፍ ተቃለለ። በዚያው ልክ ግን አማርኛ አንባቢው የጎረቤቱን ጽሑፍ እየቆጠረም ቢሆን የሚያነብበት መንገድ ተዘጋ። ትርፉንም ኪሳራውንም አብሮ መቁጠር ተገቢ ነው።

ዛሬ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ደራሲ ዕዳው ይህ ነው። «ጉራቲን ዹፍቴ» የሚል መስመር ሲያጋጥመው «ጥቁሯ መጣች» ይበል ወይስ «አንዲት ጥቁር ላም መጣች»? ኦሮምኛው ጾታዋን እንጂ የምትታወቅ መሆን አለመሆኗን አልተናገረም። አማርኛው ደግሞ ጾታዋን በቅጽሉ ላይ ለማሳየት የምትታወቅ ሊያደርጋት ይገደዳል። ተርጓሚው አንዱን መምረጡ አይቀርም፤ የመረጠውንም ማወቅ አለበት። ገበሬውን በአማርኛ ሲያናግረውም እንዲሁ ነው። በቋንቋው ጥበበኛ የሆነውን ሰው በልብ ወለዱ ውስጥ ኮልታፋ የሚያደርግ ደራሲ የሰውየውን አማርኛ ብቻ ሰምቷል፤ ሰውየውን አልሰማውም። ገጸ ባሕርይው እርስ በርሱ በኦሮምኛ ሲነጋገር በተሰባበረ አማርኛ መጻፍ ደግሞ ከቧልትም የባሰ ነው፤ በራሱ ቤት፣ በራሱ ቋንቋ የተናገረውን ማጣመም ነውና።

ትምህርት ቤቶቻችንም ቢሆኑ የሚያደርጉት ቀላል ነገር አላቸው። አማርኛ ለሚማረው የወለጋ ልጅም፣ ኦሮምኛ ለሚማረው የአዲስ አበባ ልጅም፣ «ትላልቅ» እና «ጉርጉዳ»ን፣ «ትልቁን» እና «ጉዳን»ን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቢጽፉላቸው የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። ልጆቹ ራሳቸው አንዱ ከወገብ፣ ሌላው ከራስ እንደሚደግም ያዩታል፤ ያንኑ «ን» አንዱ ለመቺው፣ ሌላው ለተመቺው እንደሚሰጥ ይደርሱበታል። እንደሚስቁም አይጠረጠርም። ያ ሳቅ ግን ማንንም አያሳፍርም፤ ነገሩን ከሁለቱም በኩል ያዩ ልጆች ሳቅ ነውና።